የመጨረሻው ዘመን ሮማ ሳንቲም ወይስ የቢዛንታይን? ለጀማሪ ሰብሳቢ የቱ ያዋጣል

ጥንታዊ ሳንቲም መሰብሰብ የሀብታም ጨዋታ ይመስለናል እንጂ የቆስጠንጢኖስ መልክና ስም ያለበት፣ 1,700 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ነሐስ በ20 ዶላር ይገኛል። የሚያስቸግረው ምርጫው ነው። ኦንላይን ገብታችሁ «የሮማ ሳንቲም» ብላችሁ ስትፈልጉ በሺ የሚቆጠር ይመጣባችኋል፣ ግማሹ ጥፍር የምታክል ጥቁር ነገር፣ ግማሹ መዳፍ ሊሞላ ትንሽ የቀረው መዳብ፣ አንዳንዱ ደሞ መሀሉ ጎድጎድ ያለ፣ ከዛ ወርቁ አለ፣ ሻጩ ደሞ ሁሉንም «ሬር ነው» ይላችኋል፣ ሁሉም ሬር ከሆነ እንግዲህ ተራው የቱ ነው?

አቋሜን መጀመሪያ ልናገር። የመጀመሪያው ሳንቲማችሁ ራሳችሁ ልታነቡት የምትችሉት መሆን አለበት። ሻጩ ወረቀት ላይ የጻፈውን ሳይሆን ሳንቲሙ ላይ ያለውን ማለቴ ነው። ማንበብ የቻለ ሰው ፌኩንም ይለያል፣ ዋጋውንም ያመዛዝናል፣ ቀጥሎ ምን እንደሚገዛም ያውቃል። ከታች ያለውን ሁሉ የመዘንኩት በዚህ ነው፣ ዓመቶቹ በሙሉ ደሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በምን እንመዝን

አንዱን ከሌላው ከማወዳደራችን በፊት አምስት ነገር እንያዝ። ዋናው ያልኳችሁ መነበቡ ነው፣ የንጉሡ ስምና ሚንቱ፣ ማለትም ሳንቲሙ የተመታበት ከተማ ምልክት፣ ይታያል ወይ? ሁለተኛው እውነተኛው ዋጋ ነው፣ ጨረታ ላይ 100 ዶላር ያሸነፋችሁት ዕቃ የጨረታ ቤቱ ፕሪሚየም 20 ፐርሰንትና ከዛ በላይ ሲጨመርበት፣ ሺፒንጉ ሲመጣ፣ እንዳላችሁበት አገር ታክሱ ሲከተል ሌላ ዋጋ ይሆናል። ሦስተኛው የፌክ ስጋት። አራተኛው እንክብካቤ፣ ነሐስ ይታመማል፣ ወርቅ አይታመምም። አምስተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ወረቀቱ ነው፣ ሳንቲሙ ከየት ወጣ፣ በማን እጅ አለፈ፣ ወደምትኖሩበት አገር በሕግ ይገባል ወይ።

የንጉሥ ዝናን ሆን ብዬ አላስገባሁትም። የታዋቂ ንጉሥ ያለቀ ሳንቲም ከማይታወቅ ንጉሥ ጥርት ያለ ሳንቲም ያነሰ ነው፣ ይሄንን ተቀብሎ የጀመረ ሰው ብዙ ገንዘብ ይተርፈዋል።

ዘመኑን በአጭሩ፣ «የመጨረሻው ዘመን ሮማ» ስንል ሰብሳቢዎች ብዙውን ጊዜ በ284 ከነገሠው ከዲዮቅልጥያኖስ ይጀምራሉ፣ ያው በቤተ ክርስቲያን ዓመተ ሰማዕታት የሚቆጠርበት ማለት ነው። «ቢዛንታይን» የሚባለው ደሞ መናገሻው ቁስጥንጥንያ የሆነው የምሥራቁ ሮማ መንግሥት ነው፣ በሳንቲም በኩል ንጉሡ አናስጣስዮስ በ498 የመዳብ ገንዘቡን ካሻሻለበት ጊዜ ጀምሮ ነው። በመሀል ያለው የ400ዎቹ ዘመን ነሐስ የጣት ጥፍር የማታክል፣ ስሙም የማይነበብ ስለሆነ ለጀማሪ አላወራውም።

የቆስጠንጢኖስ ቤተሰብ ትንንሽ ነሐሶች

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ለአብዛኛው ሰው መልሱ ይሄ ነው።

ዲዮቅልጥያኖስ በ294 ገደማ አዲስ ገንዘብ አስመታ፣ 10 ግራም የሚጠጋ ትልቅ፣ ላዩ ላይ ስስ ብር የተቀባ ነሐስ። ከዛ በኋላ ያለው ታሪክ የመክሳት ታሪክ ነው፣ ሀያ ምናምን ዓመት ቆይቶ ወደ 3 ግራም ወረደ፣ ቆስጠንጢኖስ በ337 ሲሞት 1 ተኩል ግራም አካባቢ ደርሷል፣ በ300ዎቹ መጨረሻ ላይ 1 ግራም የምትመዝን ብናኝ ሆነች። ኢንፍሌሽን ምን እንደሆነ ለኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፣ ግን ሦስት አራት ሳንቲም ደርድሮ ሚዛን ላይ እያስቀመጡ ማየት ሌላ ነው።

ጥሩው ነገር ብዛታቸው ነው። ከለንደን እስከ እስክንድርያ ከደርዘን በላይ ከተማ ላይ ይመቱ ነበር፣ ጀርባው ላይ ከመስመሩ ስር ያሉት የላቲን ፊደሎች ከተማውን ይነግሯችኋል፣ «ኮንስ» ካለ ቁስጥንጥንያ፣ «ኤስ ኤም ኤ ኤን» ካለ አንጾኪያ፣ «ኤስ ኤም ኤ ኤል» ካለ እስክንድርያ። አንድ ዓይነት ሥዕል ይዞ በየከተማው መሰብሰብ ይቻላል፣ ወጪውም አይጎዳም።

ሥዕሎቹ ደሞ ለማወቅ ቀላል ናቸው። ሁለት ወታደር ቆመው በመሀላቸው የጦር ዓርማ ካለ ከ330 በኋላ ነው፣ ዓርማው ሁለት ከሆነ ከ335 በፊት፣ አንድ ከሆነ ከዛ በኋላ፣ በቃ በዓይን ብቻ ዘመኑን ለያችሁ። ተኩላ ሁለት መንትያ ስታጠባ ያለበት የሮም ከተማ መታሰቢያ አለ። ከ348 በኋላ ወታደር ከፈረስ የወደቀ ጠላት ሲወጋ የሚያሳየው ይመጣል። እኔ የምወደው ግን ቆስጠንጢኖስ ከሞተ በኋላ ልጆቹ ያስመቱትን ነው፣ ፊቱ ላይ ራሱን የተከናነበ ንጉሥ፣ ጀርባው ላይ በአራት ፈረስ ሠረገላ ወደ ሰማይ ሲወጣ፣ ከላይ ደሞ እጅ ተዘርግታ ስትቀበለው፤ 15 ሚሊ ሜትር በምታክል ሳንቲም ላይ ይሄ ሁሉ አለ፣ ዋጋውም ተራ ነው።

የንግሥት እሌኒም አለ። ከ324 ጀምሮ «አውግስታ» ተብላ በስሟ ተመትቷል፣ ከሞተች በኋላም የልጅ ልጆቿ አስመትተውላታል። ትንሽ ወደድ ይላል፣ ደህናው ከ30 እስከ 80 ዶላር አካባቢ፣ ግን ደመራ በየዓመቱ ለሚያበራ ሰው ከዚህ የቀረበ ሳንቲም ያለ አይመስለኝም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ከቆስጠንጢኖስ በኋላ የነገሡት ሦስቱ ልጆች ስማቸው ቆስጠንጢኖስ፣ ቆንስጣንጥዮስ እና ቆንስጣንስ ነው፣ ሻጮችም ሁሌ ያምታቱታል። አጻጻፉን ራሳችሁ ፊደል በፊደል ቁጠሩ። ቆንስጣንጥዮስ ዳግማዊ ያው ለኢዛናና ለሳይዛና ስለ አቡነ ሰላማ ደብዳቤ የጻፈው ንጉሥ ነው፣ ሳንቲሙ ደሞ ገበያ ላይ ካሉት ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ውስጥ ነው፣ በ15 ዶላር የሚነበብ ይገኛል።

ድክመቱስ? ትንሽ ነው። ዓይኑ ደከም ያለ ሰው ያለ ማጉያ ምንም አያይም። ሁለተኛ፣ ፌክ ራሱ ብዙም አያዋጣም በዚህ ዋጋ፣ ግን ያረጀ ፊት ላይ አርቴፊሻል አሸዋ ቀለም ቀብቶ «የበረሃ ፓቲና» ብሎ መሸጥ በጣም የተለመደ ነው፣ ፓቲና የሚባለው ነሐስ ላይ በዕድሜ ብዛት የሚወጣው ሽፋን ነው። ፎቶው ላይ ጥልቁ ቦታ ሁሉ እኩል በሆነ ቢጫ ዱቄት ከተሞላና ፊደሉ ከሥዕሉ በላይ ጎልቶ ከታየ ተጠራጠሩ፣ እውነተኛው ቀለም እንዲህ እኩል አይደለም።

በዚሁ ዘመን መጀመሪያ ያለውን የዲዮቅልጥያኖስን ትልቁን ነሐስ ሳልጠቅስ አልለፍ፣ 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለማየት ይመቻል፣ ከ40 እስከ 120 ዶላር፣ ግን ጀርባው በአብዛኛው ያው አንድ ሥዕል ስለሆነ ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ይሰለቻል።

ያልታጠበ በኪሎ የሚሸጥ

«50 ያልታጠቡ የሮማ ሳንቲሞች፣ ምናልባት ወርቅ ይገኝበት ይሆናል» የሚል ማስታወቂያ ታያላችሁ። ወርቅ አይገኝበትም። ጥሩ ጥሩው በመንገድ ላይ ሦስት እጅ ተለቅሞበት ነው እናንተ ጋ የሚደርሰው፣ የተረፈው ጭቃና ዝገት ነው፣ ከየት እንደወጣም ማንም አይነግራችሁም፣ ስለዚህ በወረቀት በኩል ዜሮ ነው። ማጠቡን ራሱን የሚወድ ሰው ካለ ይግባበት፣ ሳምንታት በተጣራ ውሃ ዘፍዝፎ በእንጨት መፋቂያ እየነካካ፣ ሎሚና ጨው ግን በፍጹም፤ የናስ ዕቃ የምንወለውልበት ዘዴ እዚህ ላይ ፓቲናውን ገፍፎ ሳንቲሙን ይገድለዋል። በ50 ፍርስራሽ ፋንታ በዚያው ገንዘብ ሁለት ጥርት ያሉ ግዙ።

ሲሊኳ፣ የ300ዎቹ ብር

በቆንስጣንጥዮስ ዘመን ማብቂያና በዩልያኖስ ዘመን 2 ግራም አካባቢ የሆነ ስስ የብር ሳንቲም ነው። ያምራል። እንግሊዝ ውስጥ ብዙ ይወጣል፣ በ1992 ሆክስን የተባለ ቦታ የተገኘው ክምችት ከ14,000 በላይ ብር ነበረው። ብዙዎቹ ጠርዛቸው በመቀስ እንደተቆረጠ ነው የሚገኙት፣ የዛን ጊዜ ሰው ብሩን እየላጨ ያስቀር ስለነበረ። ከ100 እስከ 300 ዶላር ያስወጣል፣ ስስ ስለሆነም ይሰበራል፣ የተጣበቀም ይሸጣል። ለመጀመሪያ አልመክርም፣ ለአምስተኛ ግን ደስ ይላል።

ባለ «ኤም» ትልቁ መዳብ

አሁን ወደ ቢዛንታይን። አናስጣስዮስ በ498 ትንንሿን መዳብ እየቆጠሩ ከመገበያየት ሕዝቡን ሊገላግል ትልልቅ ሳንቲም አስመታና ጀርባው ላይ ዋጋውን በትልቁ በግሪክ ፊደል ጻፈበት፣ «ኤም» 40፣ «ኬ» 20፣ «አይ» 10፣ ኋላ ደሞ «ኢ» 5። ፈረንጅ ጀማሪዎች ይሄንን በቃላቸው ሲያጠኑ ይውላሉ፣ እኛ ግን የግዕዝ ቁጥራችን ከነዚሁ ከግሪክ ፊደሎች ስለመጣ ሥራው አልቆልናል፤ ፵ን፣ ፳ን፣ ፲ን እና ፭ን አጠገቡ ጻፉና አስተያዩ። እስክንድርያ ላይ ብቻ ይመታ የነበረ 12 የሚል ሳንቲምም አለ፣ ፊደሎቹ «አዮታ» እና «ቤታ» ናቸው፣ ማለትም ፲፪።

ለማንበብ ከዚህ የተመቸ የለም። «ኤም»ው በሩቅ ይታያል፣ ከስሩ የከተማው ስም አለ፣ በዮስጢንያኖስ ከ12ኛው የንግሥና ዓመት ማለትም ከ538/539 ጀምሮ ደሞ በግራ «አኖ» በቀኝ ዓመቱ በሮማ ቁጥር ተጽፏል። ስንት ጥንታዊ ሳንቲም ነው የተመታበትን ዓመት የሚነግራችሁ? የነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ሳንቲም 40 ሚሊ ሜትር ያልፋል፣ 20 ግራም ያልፋል፣ እጅ ላይ ሲያርፍ ይከብዳል። ከ542 በኋላ፣ ወረርሽኙ ቁስጥንጥንያ በገባ ማግሥት ማለት ነው፣ ክብደቱ መቀነስ ይጀምራል፣ ዓመቱ ስለተጻፈበት ይሄንን ራሳችሁ በሚዛን ማረጋገጥ ትችላላችሁ። አንጾኪያ በ528 በመሬት መንቀጥቀጥ ከፈረሰች በኋላ ስሟ ቴኦፖሊስ፣ የእግዚአብሔር ከተማ፣ ተብሎ ተቀይሯል፣ ሳንቲሙም ላይ እንደዛው ነው።

የኛ ሰው የሚፈልገው ሌላም ምክንያት አለ። ዮስጢኖስ ቀዳማዊ፣ ከ518 እስከ 527 የነገሠው፣ የዐፄ ካሌብ ዘመን ሰው ነው፣ ካሌብ ወደ ናግራን ሲዘምት የነበረው ንጉሥ። ከሱ ቀጥሎ ዮስጢንያኖስ ወደ ካሌብ መልእክተኛ ልኳል። የዮስጢኖስ ባለ «ኤም» ሳንቲም መካከለኛ ይዞታ ያለው ከ30 እስከ 70 ዶላር ይገኛል፣ ጥርት ያለው የዮስጢንያኖስ ትልቁ ግን 150 ከዛም 300 ይደርሳል።

ድክመቱ ጥራቱ ነው። የሮማው ነሐስ ላይ ንጉሡ የሰው መልክ አለው፣ እዚህ ላይ ግን ሥዕሉ ልጅ የሳለው የሚመስልበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ከ600 በኋላ ወደ ነገሡት ወደ ፎካስና ወደ ሕርቃል ዘመን ሲወርድማ አሮጌ ሳንቲም ላይ አዲስ ይመቱበት ስለነበር ሁለት ጽሑፍ ተደራርቦ ይገኛል። ያንን መፍታት የሚያስደስተው ሰው አለ፣ እኔም አንዱ ነኝ፣ ለጀማሪ ግን ከ600 በፊት ያለው ይበቃዋል።

ስም የሌለው የክርስቶስ ሳንቲም

ከ970 ገደማ እስከ 1092 ድረስ አብዛኛው የቁስጥንጥንያ መዳብ ላይ የንጉሥ ስምም መልክም የለም። ፊቱ ላይ ክርስቶስ ወንጌል ይዞ፣ በብዙዎቹ ጀርባ ላይ ደሞ በግሪክ «ኢየሱስ ክርስቶስ የነገሥታት ንጉሥ» የሚል ጽሑፍ ወይም መስቀል አለ። ከ25 እስከ 80 ዶላር ይሸጣል። ለክርስትና ወይም ለሠርግ ስጦታ የሚሆን ሳንቲም አምጣ የሚለኝን ሰው ያለማመንታት ወደዚህ ነው የምልከው።

ለትምህርት ግን ደካማ ነው። ስም ስለሌለው ዓይነቱን የምትለዩት በመስቀሉ ጌጥና ወንጌሉ ላይ ባሉት ነጠብጣቦች ነው፣ ዓይነቶቹም በፊደል ቅደም ተከተል የተመደቡ ናቸው፣ በዛ ላይ አንዱ በሌላው ላይ ተመትቶ የክርስቶስ አፍንጫ በሌላኛው ጽሑፍ መሀል ገብቶ ታገኙታላችሁ። ጥርት ያለ ፊት ያለው ካላያችሁ አትግዙ፣ ሞልቷል፣ ሌላ ይመጣል።

ጎድጓዳው

ከ1092 የንጉሥ አሌክሲዮስ የገንዘብ ለውጥ በኋላ የመጣው፣ ብርና መዳብ የተቀላቀለበት ጎድጓዳ ሳንቲም ከ15 እስከ 50 ዶላር ነው። ቅርጹ ይማርካል፣ ፎቶ ላይ ያምራል፣ ማንበብ ግን አይሞከርም፣ ግማሹ ሥዕል ሁሌ ጠፍቶ ነው የሚገኘው። አንድ ለማሳያ ይበቃል።

ሶሊዱስ፣ ወርቁ

ቆስጠንጢኖስ ያስጀመረው፣ ከአንድ የሮማ ፓውንድ 72 የሚወጣለት፣ 4 ግራም ተኩል የሚጠጋ ወርቅ። እስከ 1000ዎቹ ድረስ ክብደቱም ጥራቱም ብዙም ሳይነካ ሰባት መቶ ዓመት ቆየ፣ የዚህን ያህል የዘለቀ ገንዘብ ለማግኘት ይቸግራል።

ምን ዓይነት አለ ብትሉ፣ ጥብርዮስ ዳግማዊ በ578 ጀርባው ላይ ደረጃ ላይ የቆመ መስቀል አመጣ። ሕርቃል፣ ፈረንጆቹ ሄራክሊየስ የሚሉት፣ በ630 ግማደ መስቀሉን ወደ ኢየሩሳሌም የመለሰው፣ ከልጁ ጋር ጎን ለጎን ፊት ለፊት የሚታይበት ሶሊዱስ ገበያ ላይ በብዛት ከሚገኙት አንዱ ነው። ዮስጢንያኖስ ዳግማዊ በ690ዎቹ የክርስቶስን መልክ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳንቲም ፊት ላይ አወጣ፣ ይሄኛው ግን ዋጋው ሌላ ዓለም ነው።

የተራ ሶሊዱስ ዋጋ ወለሉ የዕለቱ የወርቅ ዋጋ ነው፣ ከዛ በላይ የሚከፈለው ለይዞታው ነው። ወለል አለው ማለት ግን ኢንቨስትመንት ነው ማለት አይደለም፣ ስትገዙ ፕሪሚየም ትከፍላላችሁ ስትሸጡም ኮሚሽን ይቆረጥባችኋል፣ ወርቅ ብቻ የሚፈልግ ሰው ዘመናዊ ወርቅ ይግዛ። ለአንገት ጌጥ ተበስቶ ኋላ የተደፈነ፣ ጠርዙ የተላጨ፣ የታጠፈና የተቃና ብዙ አለ፣ እነዚህ ዋጋ ይቀንሳሉ እንጂ ውሸት አይደሉም፣ ሻጩ ከተናገረ። ከሁሉም በላይ ግን ፌክ የሚበዛው እዚህ ነው፣ ጥሩ ፌክ በእውነተኛ ወርቅ ይሠራል፣ ስለዚህ ሚዛን አያድናችሁም። ሶሊዱስ የምገዛው ከድሮ ጨረታ ፎቶ ጋር ሲመጣና ሻጩ ፌክ ሆኖ ከተገኘ በማንኛውም ጊዜ እመልሳለሁ ብሎ በጽሑፍ ሲሰጥ ብቻ ነው። እንጂ ጓደኛዬ ከዘመዱ አገኘው በሚል ወሬ ወርቅ አይገዛም።

ጠቅላላ ሰንጠረዥ

ዋጋዎቹ ግምት ናቸው፣ እንደ ይዞታው ይለያያሉ።

| ዓይነት | ዋጋ በዶላር | መነበቡ | የፌክ ስጋት | እንክብካቤ | ለማን |
|---|---|---|---|---|---|
| የቆስጠንጢኖስ ቤተሰብ ነሐስ | 10–40 (እሌኒ 30–80) | በጣም ጥሩ፣ በማጉያ | ዝቅተኛ፣ የተቀባ ፓቲና ግን አለ | መካከለኛ | ለአብዛኛው ጀማሪ |
| የዲዮቅልጥያኖስ ትልቁ | 40–120 | በጣም ጥሩ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | አንድ ትልቅ ለሚፈልግ |
| ያልታጠበ | በፍሬ ጥቂት ዶላር | መጥፎ | ዝቅተኛ | ከባድ | ማጠብ ለሚወድ ብቻ |
| ሲሊኳ | 100–300 | ጥሩ | መካከለኛ | ተሰባሪ | ለሁለተኛ ዙር |
| ባለ «ኤም» መዳብ | 30–300 | በጣም ጥሩ፣ ያለ ማጉያ | ዝቅተኛ፣ የተቀባ ፓቲና ግን አለ | መካከለኛ | ዓይኑ ለደከመ፣ ታሪክ ለሚወድ |
| ስም የሌለው የክርስቶስ | 25–80 | መካከለኛ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ለስጦታ |
| ጎድጓዳው | 15–50 | መጥፎ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ለማሳያ አንድ |
| ሶሊዱስ | ከወርቁ ዋጋ በላይ | ጥሩ | ከፍተኛ | ቀላል | ልምድ ላለው |

እንደ ኪሳችሁ

50 ዶላር ካላችሁ አንድ የቆንስጣንጥዮስ ዳግማዊና አንድ የተኩላዋን ግዙ፣ የቀረውን ለማጉያ መነጽርና 0.01 ግራም ለሚለይ ትንሽ ሚዛን አውሉት፣ ሚዛኑ ከሦስተኛው ሳንቲም በላይ ይጠቅማችኋል። 150 ካላችሁ እሌኒንና አንድ ደህና ባለ «ኤም» ጨምሩ፣ ከሁለቱ ዓለም አንድ አንድ ይዛችሁ የቱ እንደሚስባችሁ ታያላችሁ። ልጆች ያሉት ቤት ባለ «ኤም»ውን ያስቀድም፣ አይጠፋም፣ ልጅም ፵ን ከሳንቲም ላይ ሲያገኝ ደስ ይለዋል።

1,000 ዶላር ያለው ሰው ቀጥታ ወደ ወርቅ መሮጡን አልወደውም። በዚያ ገንዘብ ከዲዮቅልጥያኖስ እስከ ዮስጢንያኖስ የሚሄድ ሀያ ጥርት ያለ ነሐስና መዳብ ይሰበሰባል። ግን ልቡ ሶሊዱስ ላይ ከሆነ የሕርቃልን ወይም ከሱ በፊት ያሉትን ተራዎቹን፣ ያልተበሳ፣ ድሮ በጨረታ የተሸጠ፣ በዚህ ቅደም ተከተል።

ከመግዛታችሁ በፊት የጨረታ ውጤት የሚያከማቹ ገጾች ላይ ያንኑ ዓይነት ፈልጉ፣ በቅርብ በስንት እንደተሸጠ ታያላችሁ፣ ሻጩም «ሬር» ሲል ስንት እንደወጣ ትቆጥራላችሁ። እዛው ላይ ፎቶዎቹን አስተያዩ፣ ሁለት ሳንቲም አንድ ዓይነት ጭረትና አንድ ዓይነት የጠርዝ ስንጥቅ ካላቸው በቅርጽ ፈስሰው የወጡ ፌኮች ናቸው፣ በእጅ የተመታ ሳንቲም ጭረቱ መንትያ የለውም። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ደሞ እድለኞች ናችሁ፣ ጆርጅታውን ውስጥ ያለው ደምባርተን ኦክስ 12,000 አካባቢ የቢዛንታይን ሳንቲም ያለው ስብስብ ነው፣ ብዙውን ኦንላይን ማየት ይቻላል፣ ትክክለኛው ምን እንደሚመስል ዓይናችሁን አስለምዱበት።

አስቀማመጣችሁን በተመለከተ፣ ነሐሱ ላይ ደማቅ አረንጓዴ ዱቄት ካያችሁ የነሐስ በሽታ ነው፣ ከሌሎቹ ለዩት፣ ደረቅ ቦታ አድርጉት፣ ያንን ሳንቲም ሻጭ እጅ ላይ ካያችሁት ደሞ ጭራሽ አትግዙ። ለስላሳውና የሚሸተው የፒቪሲ ፕላስቲክ መያዣ ሳንቲም ያበላሻል።

ወረቀትና ሕግ

«ለምን የአክሱምን አንሰበስብም?» የሚል ይኖራል፣ ትክክል ነው፣ አክሱም ከ200ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የራሷን ወርቅ፣ ብርና ነሐስ አስመትታለች፣ ኢዛናም ጨረቃውን አንስቶ መስቀል አድርጎበታል። ግን ከየት እንደወጣ የሚያሳይ የቆየ ወረቀት የሌለውን የአክሱም ሳንቲም መግዛት የራስን ቅርስ ቆፍሮ ለሚያሾልክ ሰው መክፈል ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይሄኛው ዓመት ብቻ በኛ አቆጣጠር ነው) ቅርስን ያለፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ለአክሱም ሙዚየም አለ፣ እዛ ሄዶ ማየት ይሻላል።

እስራኤል ያላችሁ፣ በ1978 ሕግ መሠረት ከ1700 በፊት የተሠራ ዕቃ ጥንታዊ ቅርስ ነው፣ ግዢው ፈቃድ ካለው ነጋዴ መሆን አለበት፣ ከአገር ሲወጣ ደሞ የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ይጠየቃል። ሽርሽር ላይ መሬት ላይ ያገኛችሁት ሳንቲም ኪስ የሚገባ አይደለም፣ ማሳወቅ ግዴታ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ደሞ ከቆጵሮስ፣ ከጣልያን፣ ከግሪክና ከቡልጋርያ የሚመጡ አንዳንድ የሳንቲም ዓይነቶች ላይ የማስገባት ገደብ ስላለ ከውጭ ስታዘዙ ሻጩን ወረቀቱን ጠይቁት፣ አሜሪካ ውስጥ ካለ ዲለር መግዛት ራስ ምታቱን ይቀንሳል፣ ደረሰኙንም አትጣሉ።

በኢስታንቡል የምትመላለሱ ደሞ ይሄን ልብ በሉ። ፍርስራሽ ጋ ቆሞ «አሁን ከመሬት የወጣ ነው» እያለ ሳንቲም የሚሸጥላችሁ ሰው ሁለት ዕድል ነው ያለው፣ ወይ ፌክ ነው ወይ እውነተኛ ነው። ፌክ ከሆነ ገንዘባችሁ ሄደ። እውነተኛ ከሆነ ደሞ የባሰ ነው፣ ቱርክ ጥንታዊ ዕቃ ከአገር ማውጣትን እንደ ወንጀል ነው የምታየው፣ ኤርፖርት ላይ ሻንጣ ሲፈተሽ ለ20 ዶላር ሳንቲም ፍርድ ቤት መቆም ይመጣል። ግብፅም ንግዱን በ1983 በሕግ ዘግታለች። ስለዚህ ለነዚህ ሁለት አገሮች መልሱ አጭር ነው፣ ሙዚየሙን ጎብኙ፣ ሳንቲሙን ግን ቤታችሁ ስትመለሱ ወረቀት ካለው ሰው ግዙ።